ቀድሞኝ ደሃና የገባው ካርቶን

ዱራሜ ያሉ የጸሎት እህቶቼ ከተመለስኩ ጀምሮ «ሰቆጣን ንገሪን እንጂ» እያሉ አላስቀምጥ ብለውኛል። ግማሾቹ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ግማሾቹ ከሆሳዕና ወዲያ ሄደው አያውቁም። ስለዚህ ለእነሱ ብዬ ጻፍኩት። ተራራውንና ጥንታዊውን ነገር በሰፊው የሚጠብቅ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ከጉዞዬ አብዛኛውን ያሰብኩት ስለ አንድ ካርቶን ነው፤ ካርቶኑም አጠገቤ አልነበረም።

በላይነሽ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህርት ነኝ። አፌን የፈታሁት በከምባትኛ ነው። አማርኛን ያገኘሁት ትምህርት ቤት፣ በኩርኩም ነው፤ ለዚህ ይሆናል ከባለቤቶቹ በላይ የምኮራበት። በእኛ ደብር የካቶሊክ ምእመናን የመታደስ ጸሎት ሲጀመር በረንዳ ላይ ተሰብስበን የምንጸልይ ጥቂት ሴቶች ነበርን። ዛሬ ወላይታውም፣ ሐዲያውም፣ ኦሮሞውም፣ የትግራዩም ሰው በየቋንቋው የሚዘምርበት ሆኗል። ይህን የሚሰማ ሰው ትልልቅ ሰባኪዎች የላክን ይመስለዋል። ኧረ ማንንም አልላክንም! ነርሷ ተዛወረች፣ ተማሪው ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ደረሰው፣ ልጃገረዶቹ ዓረብ አገር ሄደው ተመለሱ፤ በየደረሱበት ሐሙስ ሐሙስ ሰብሰብ ብለው መጸለይ ጀመሩ፤ ይኸው ነው።

ሰቆጣም የገባው እንደዚሁ ነው። ሙሉ አድማሱ የምትባል የዋግ ልጅ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ከእኛ ሰዎች ጋር መጸለይ ለመደች፣ ካቶሊክም ሆነች። ተመልሳ ሰቆጣ ከተማ ልብስ ስፌት ከፈተች፤ በዚያችው በስፌት ክፍል ሰባት ሰው ሆነው ይጸልያሉ። ይባስ ብላ ጸሎቶቹን ወደ አገሯ ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣና ተርጉማ በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልን። የትርጉም ሥራችንን የምመራው እኔ ስለሆንኩ ጽሑፏን አሳተምኩና ከአርባ የአማርኛ መጽሐፍ ጋር ራሴ ላደርስላት ተነሣሁ። በእያንዳንዱ የኽምጣና ወረቀት ግርጌ «ትርጉም፦ ሙሉ አድማሱ» ተብሎ በደማቁ ተጽፏል። ደስ ይላት መስሎኝ ነው።

የአማርኛው መጽሐፍ ሽፋን ላይ ያለው ርዕስ ደግሞ የእኔ ነው። ሌሎቹ «መታደስ» ይበቃል ሲሉ እኔ ነኝ ድርቅ ብዬ «ተሐድሶ» ይሁን ያልኩት። ግዕዝ ነው፣ ክብደት አለው፣ በሐመሩ ሐ ሲጻፍ ያምራል። «የካቶሊክ ተሐድሶ የጸሎት መመሪያ» ተባለ፤ ቃሉም በትልቁ ወጣ።

ሰኞ

ካርቶኑ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «ለሙሉ አድማሱ፣ ሰቆጣ፣ መንፈሳዊ መጻሕፍት፣ ውኃ እንዳይነካው» ብዬ ጽፌ ከአዲስ አበባ ወጣሁ። እኔ እንደሆነ ቶሎ የምሰጋ ሰው ነኝ፤ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ወርጄ ዕቃ ቤቱ ውስጥ መኖሩን አያለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ መጨረሻ ላይ «እናቴ፣ ወርቅ ነው እንዴ?» አለኝ። ደሴ ስንደርስ ጉም ወርዶ ቅዝቃዜው እንደ ዱራሜ ክረምት ነበር፤ የተከራየሁት አልጋ ግን አንዲት ስስ ብርድ ልብስ ብቻ ነበረው። የቤቱ ባለቤት ስንቀጠቀጥ አይታ የራሷን ጋቢ አልብሳኝ ሄደች። ለመንገድ ብላም አምስት እንቁላል ቀቀለችልኝ። የእንቁላሉን ነገር ያዙልኝ።

ማክሰኞ

ከወልድያ ወዲያ አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ወታደሩ ካርቶኑን ከፈተና አንዱን መጽሐፍ አንስቶ ሽፋኑን አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ በአክብሮት አየኝ።

«የተሐድሶ ሥልጠና ይሰጣሉ እንዴ እናቴ? ትጥቅ ለፈቱት?»

«ኧረ አይደለም ልጄ፣ ጸሎት ነው።»

«እሱም ያስፈልጋቸዋል» አለና ካርቶኑን ራሱ በፕላስተር መልሶ አሸገልኝ።

ያን ጊዜ ሳቄን አፍኜ ገባሁ። ቃሉ ከእኔ እጅ ወጥቶ ሌላ ሥራ እንደያዘ ሲነገረኝ ልብ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ላሊበላ ደክሞኝ ደርሼ ተኛሁ፤ ጠዋት ማልጄ ወጣሁ። ላሊበላን አየሁ ብል ነውር ነው።

ረቡዕ

የሰቆጣው ሚኒባስ ሾፌር ካሳ ይባላል፤ ጎልማሳ፣ ሲነዳ የሚያንጎራጉር፣ ሲያወራ መሪውን የሚለቅ ሰው ነው። ከጎኑ አስቀመጠኝ። መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀቱ ፊት ላይ ይመታል፤ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ልብስ ያስደርባል። ዙሪያው ድንጋይ ነው። እኛ አገር ለወፍጮ የሚሆን ድንጋይ ተፈልጎ ይገዛል፤ እዚህ በድንጋዩ መሃል አፈር ተፈልጎ ይታረሳል። በዚያች አፈር ላይ ገብስና ማሽላ የሚያበቅለውን ሰው ሳይ እንሰት ከጓሮው ቆርጦ የሚበላው ወገኔ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ትንሽ ቆይቶ ራበኝ። እንቁላሉን አወጣሁ፤ አንዱን ልጬ ግማሹን እንደጎረስኩ መኪናው ውስጥ ያለው ወሬ ጸጥ አለ። ዞር ስል ከኋላዬ ያሉ ሴትዮ ቶሎ ዓይናቸውን ወደ መስኮት መለሱ። ወይ ጉድ! ረቡዕ ነው! እኛ ዘንድ ረቡዕ እንቁላል ቢበሉ ዞር ብሎ የሚያይ የለም፤ እዚህ ግን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ጾም ነው። አልውጠው ነገር አፈርኩ፣ አልተፋው ነገር ባሰ።

«እማማ፣ ሙስሊም ነዎት?» አለኝ ካሳ፤ ለነገር ሳይሆን ከልቡ ለማወቅ።

«ኧረ ክርስቲያን ነኝ!» አልኩ አፌ ሙሉ ሆኖ። ድንጋጤዬ አላቆመም፤ «እላይ የጫንከው ካርቶን እንኳ ከዳር እስከ ዳር መንፈሳዊ መጽሐፍ ነው!»

«ለማን ነው?»

«ለሙሉ አድማሱ።»

ካሳ መሪውን ለቆ በሁለት እጁ አጨበጨበ። «የየኔታ አድማሱ! ደሃና! ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው አይደሉም እንዴ!»

ሙሉ አባቷ ደሃና የሚኖሩ መሪጌታ መሆናቸውን ነግራኛለች፤ ሰውዬው ቤተሰቡን ማወቁ ደስ አለኝና «አዎ፣ አዎ» እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁ። ከኋላዬ ያሉት ሴትዮም ዓይናቸውን መለሱልኝ፤ ቆሎ ዘርግተው ሰጡኝ። አቤት እፎይታዬ! በዚያ እፎይታ ምን እንደሸጥኩ በኋላ ነው የገባኝ።

ሰቆጣ ማደያው አጠገብ ሙሉ ቆማ ጠበቀችኝ። ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት፤ አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር ትንሽ መቀስ በክር አንጠልጥላለች። «ያላ እትዬ፣ ይግቡ፣ ደክሞዎታል» አለችኝ፤ ቤይሩት ምላሷ ላይ ትንሽ ቀርታለች። ካሳ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ «ካርቶኑን አያስቡ፣ እኔ አደርሰዋለሁ!» አለኝ። ስፌት ቤቷ ድረስ የሚያመጣው መስሎኝ መርቄው ሸኘሁት።

ከሰዓት በኋላ ለእኔ ሲሉ ሰባቱም ስፌት ክፍሏ ተሰበሰቡ፦ ሙሉ፣ ከእሷ ጋር ቤይሩት የነበሩ ሦስት ሴቶች፣ ከእኛ ወገን የተመደቡ ሁለት የጤና ባለሙያዎችና አንድ የአዲግራት መምህር። በአማርኛ ጀመርን፣ በወላይትኛ ቀጠልን፣ በትግርኛ ዘመርን፣ ሙሉ በኽምጣና ጸለየች። ሁሉ በሹክሹክታ ነው። አንደኛዋ ሴት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨርቅ የሌለበትን የስፌት ማሽን ትረግጥ ነበር። ተራ አላቸው፤ ጎረቤት የሚሰማው ድምፅ የሥራ ድምፅ እንዲሆን ነው። እኛ ዱራሜ ድምፅ ማጉያውን ወደ ጎረቤት አዙረን የምንዘምረው ሰዎች ይህን ብናይ ምን እንላለን?

«መጽሐፉስ እትዬ?» አሉኝ።

እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ርዕሱን ነገርኳቸው፤ ቃሉን ያመጣሁት እኔ እንደሆንኩም አልደበቅሁም። ማሽኑ ቆመ።

የአዲግራቱ መምህር ነው ቀስ ብሎ ያስረዳኝ። «እትዬ በላይነሽ፣ እዚህ ተሐድሶ ማለት እርስዎ የሚሉት አይደለም። ኦርቶዶክስ መስሎ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ከውስጥ እምነቱን የሚያፈርስ ሰው ስም ነው። ካቶሊክ ቢሉን ‹ሌላ ናቸው› ብለው ይተዉናል። ተሐድሶ የተባለ ሰው ግን ለቅሶ አይደረስለትም።»

ክው አልኩ። አማርኛ ሳስተምር ጸጉሬ የሸበተ ሴት፣ አማርኛ ቃል እንዲህ ያድርገኝ? ሙሉ ግን ስለ ቃሉ አልተናገረችም። «ካርቶኑ የት አለ?» አለች።

ካሳ ዘንድ ደወልን። ድምፁ ደስታ በደስታ ነበር። «ደርሷል እኮ! ወደ ደሃና፣ አምደወርቅ ከተማ በሚሄደው ሚኒባስ ሰደድኩት። መንፈሳዊ መጽሐፍ ሲሉኝ በልጃቸው በኩል ለየኔታ የመጣ ነው አልኩ። ደውዬም ነግሬያቸዋለሁ፤ ነገ ራሳቸው ይወስዱታል፤ ደስ ብሏቸው መርቀውኛል!»

ሙሉ ስልኩን ዘጋችና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። ምሕረት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለቻት። ዓረብ አገር ስትሄድ ገና ያልተራመደች ሕፃን ነበረች፤ ያሳደጓት አባቷ የኔታ ናቸው። አሁን በስንት ልመና፣ መስከረም ላይ ሰቆጣ መጥታ ከእናቷ ጋር እየኖረች እንድትማር ቃል ሰጥተዋታል።

«ካቶሊክ መሆኔን አባ የሚያውቁ ይመስለኛል» አለች ሙሉ፤ «አፍ አውጥተን ግን ተነጋግረን አናውቅም። ያንን ቃል ከስሜ ጋር ካዩት ልጄን አይሰጡኝም።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

በጠዋቱ ወደ አምደወርቅ ተሳፈርን። አባቷ ዘንድ ብንደውል ብንደውል ኔትወርክ የለም፤ ቢኖርስ ምን ልንል? እኔ በልቤ ሰበብ እሰፋለሁ፤ የአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ተሳስቶ ነው ልበል? ካርቶኑ የሌላ ሰው ነው ልበል? የሙሉን ስም በደማቁ ያሳተምኩት ራሴ ነኝ፤ በየት በኩል ልዋሽ?

ግማሽ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማም የባሰበት ሆነና ሾፌሩ ሌላ መኪና እስኪያስመጣ ተበተንን። ትንሽ እንደተራመድን የግራ ጫማዬ ሶል ተላቆ እንደ ምላስ ተንጠለጠለ። አጠገቡ ካለ አንድ የገበሬ ቤት ሴትየዋ ወጥታ እጄን ይዛ አስገባችኝ። አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ እኔ ኽምጣና ጭራሽ የለኝም፤ ከምባትኛ ደግሞ እዚያ ማን ይሰማዋል? በምልክት ተግባባን። ቂጣ ላይ ነጭ ማር አፍስሳ አቀረበችልኝ፤ የሰቆጣ ማር ሲሉ የምሰማው ይህ ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን ጣቴን እልስ ነበር። ባሏ ጫማዬን ተቀብሎ በጠፍር ሰፋልኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተፈታም።

ሴትየዋ ለሙሉ አንድ ነገር አለቻት፤ ሙሉ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«ምን አለችሽ?»

«‹እንግዳሽ ምን ጠፍቷት ነው መሬት መሬት የምታይ?› አለችኝ።»

ጎረቤት ያለው ቤት ላይ ሰዎች ወጥተው ክረምት ሳይገባ የሣር ክዳን ይቀይሩ ነበር፤ የጠቆረው አሮጌ ሣር ወደ መሬት ይወረወራል፣ አቧራው ይጨሳል። እኛም ዘንድ የሣር ቤት አለ፤ ስለዚህ ዓይኔ እዚያ ላይ አረፈ። ሙሉ እያየች «መታደስ ለሚለው ቃል ስጨነቅ ከርሜ ያንን ነው ያደረግሁት እትዬ» አለችኝ። በኽምጣና የቤት ክዳን ሲቀየር የሚባለውን ቃል ማለቷ ነው። ደጋግማ ነገረችኝ፤ አፌ አልዞረው አለ፤ ስለዚህ አበላሽቼ ከምጽፈው ትቼዋለሁ። ጥሩ ቃል እንደሆነ ነገርኳት። ሙሉ ያለ መዝገበ ቃላት፣ ጨርቅ እየሰፋች፣ ሕዝቡ የሚያውቀውን ቃል ስትፈልግ እኔ የሚያምር ሐመሩ ሐ ስፈልግ ነበር።

አምደወርቅ የደረስነው ገበያው ከተበተነ በኋላ ነው። ሚኒባሱን የነዳውን ሰው አገኘነው። «የኔታ በጠዋት መጥተው በአህያ ጭነው ወሰዱት» አለን። በእግር ለመሄድ መሽቶብን ስለነበር አንዲት ትንሽ ሆቴል አደርን። ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። እኔም ስለ እሷ ጸለይኩ፤ ቃል ቢጠፋኝ «አንተ ታውቃለህ» ብቻ አልኩ።

ዓርብ

ከአምደወርቅ ወደ የኔታ መንደር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፤ ለእኔ ሦስት ሆነ። ሙሉ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ቁልቁለት ሲሆን ቆማ እጇን ትሰጠኛለች። ካሳ ደውሎ አብስሯቸዋል፤ የኔታ ካርቶኑን በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ይዘውት ቢገቡስ? ካህናቱ ፊት ቢከፍቱትስ?

የኔታ አድማሱ ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ጥምጥማቸው ንጹሕ ነው። ሙሉ ጉልበታቸውን ስማ ተነሣች። እኔን «እንኳን ደህና መጡ፣ ከሩቅ አገር ነው የመጡት» አሉኝ፤ ከየት እንደመጣሁ ግን አልጠየቁም። እግራችንን ታጠቡ ተባልን። ምሕረት ውኃ ይዛ መጣች፤ ዓይኗ የእናቷ ነው፤ እናቷን ግን እንደ እንግዳ ተሸማቅቃ ሳመቻት።

ገባን። ካርቶኑ ግድግዳው ጥግ ነው። ፕላስተሩ ተቆርጧል። ምሕረት እግራችንን አጥባ ስትጨርስ ሄዳ ካርቶኑ ላይ ደብተሯን ዘርግታ መጻፍ ቀጠለች፤ ጠረጴዛ አድርጋዋለች።

የኔታ መጀመሪያ ብሉ አሉ። የማሽላ እንጀራ በሽሮ ቀረበ፤ ዓርብ ነው፤ ደግነቱ እንቁላል አልያዝኩም። እሳቸው ስለ ዝናብ ይጠይቁኛል፣ ስለ እንሰት ይጠይቁኛል፤ «ሥሩ ነው ወይስ ግንዱ የሚበላው?» ይሉኛል፤ እኔ ዓይኔ ካርቶኑ ላይ ሆኖ እመልሳለሁ። ሙሉ አንድ ጉርሻ አልወረደላትም። እጃችንን ከታጠብን በኋላ ነው «ምሕረት፣ ደብተርሽን አንሺ» ያሉት።

አንድ መጽሐፍ አወጡ። «ይህን ያዘጋጀው ማነው?»

«እኔ ነኝ የኔታ።»

«ርዕሱንስ?»

«እሱንም እኔ ነኝ። ሙሉ አላየችውም፤ እስከ ረቡዕ ድረስ አላወቀችም። በእግዚአብሔር ስም እነግርዎታለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።» እውነቱን ስናገር ከሦስት ቀን ወዲህ መጀመሪያ ደህና ተነፈስኩ።

መጽሐፉን እጄ ላይ አኖሩት። «የካቶሊክ» ይላል፤ «የጸሎት መመሪያ» ይላል። በመሃል ያለው ትልቁ ቃል የለም። በጥቁር ቀለም፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ ተሸለመ ሐረግ ተደርጎ ተሸፍኗል። ሁለተኛውን አወጣሁ፤ እሱም እንደዚያው ነው። ሦስተኛውም። በጥቀርሻ ራሳቸው የሚበጠብጡት የመጻፊያ ቀለም ነው፤ የመቃ ብዕራቸው መደቡ ላይ ነበር። ጣቶቻቸውን ያን ጊዜ አየሁ፤ እስከ አንጓው ጠቁረዋል።

«አርባውንም?» አልኩ።

«አርባውንም። ካሳ መጽሐፍ መጣልዎ ሲለኝ ለደብሩ መስሎኝ በደስታ ነው የሄድኩት። እቤት ላራግፈው ብዬ ከፈትኩት፤ እግዜር ነው እንጂ ቤተ ክርስቲያን ልከፍተው ነበር።» የመቃ ብዕሩን ጠረጉና ቀጠሉ። «ቃሉ የእኛ ነው። ጠዋት ጠዋት በጸሎቴ ላይ ‹ሐድስ› እላለሁ፤ መጥፎ ቃል አይደለም። ሰው ግን አሁን እንደዚያ አይሰማውም። እርስዎ የማያውቁት ይህን ነው።»

«ውስጡም አለ የኔታ። በየገጹ።»

«ውስጡን የሚያየው ያነበበ ሰው ነው። ሽፋኑን ግን ሁሉም ያየዋል።»

ከዚያ ወደ ሙሉ ዞሩ። የተናገሩትን እንዳለ ለመጻፍ እሞክራለሁ። «ከቤይሩት ከመጣሽ ጀምሮ የት እንደምትጸልዪ አውቃለሁ። ማተብሽን አልበጠስሽም፤ ስለዚህ ዝም አልኩ። ‹ልጅህ ተሐድሶ ናት ወይ?› ብለው ቢጠይቁኝ እኔ አልዋሽም። እንዳይጠይቁኝ ነው ያጠፋሁት።»

ሙሉ አለቀሰች። «አባ፣ ምሕረትስ?» አለች።

የኔታ ልጅቷን አዩ፣ ካርቶኑን አዩ። «መስከረም ገና ነው» አሉ። በዚያው አበቃ። አዎም አይደለም፣ አይሆንምም አይደለም።

ካርቶኑን ስናሽግ የኽምጣናዎቹ ወረቀቶች ውስጡ የሉም። ሙሉ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። አቃጥለዋቸው ይሆን? ሁለታችንም መጠየቅ አልቻልንም።

ቅዳሜና ከዚያ ወዲያ

መመለሻው ላይ የማወራው ብዙ የለኝም፤ ካርቶኑን ለሙሉ ትቼ አንድ መጽሐፍ ብቻ ይዣለሁ። ሙሉ ሰቆጣ ስትሸኘኝ «አይዞዎት እትዬ» አለችኝ፤ እኔ ልላት የሚገባኝን እሷ አለችኝ። ካሳ በነፃ ሊወስደኝ ለመነኝና የፊት ወንበር ሰጠኝ፤ «የኔታ ደስ አላቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ደግነቱን በምን አንጀቴ ልስበር? «በጣም ለፍተውበታል» አልኩት፤ ይህም ውሸት አይደለም። ያው ኬላ ላይ ሌላ ወታደር ሽፋኑን አየና «ይሄ የተሰረዘው ምንድን ነው?» አለኝ። «ስህተት ነበር» አልኩት፤ አሳለፈኝ።

አዲስ አበባ የትርጉም ሰዎቻችን ስብሰባ ላይ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንዳንዱ «በስማችን ለምን እናፍራለን?» አለ። ከተርጓሚዎቹ አንዱ የሆነው የትግራይ ወንድማችን ግን የተሸፈነውን ቃል በጣቱ ሲዳስስ ቆየና «ቃል እንዲህ አምሮ ሲጠፋ አይቼ አላውቅም» አለ። በመጨረሻ የሚቀጥለው እትም «የመታደስ ጸሎት» እንዲባል ተስማማን። መጀመሪያ እነሱ ያሉት ነው፤ ማንም ግን አላሾፈብኝም፤ ፊቴን አይተው ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ዱራሜ ዝናቡ እንሰቱ ላይ ሲወርድ እያየሁ ውዬ አድራለሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ «ምሕረት» እያልን እንጸልያለን፤ ሙሉ ዘንድ እደውላለሁ፤ «ከአባ ምንም የለም» ትለኛለች። የአንድ የሚያምር ቃሌን ዋጋ አንዲት ልጅ እንዳትከፍል ብዬ ስንት ጊዜ እንደተሳልኩ አልናገርም።

ጳጉሜን ላይ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ልዩ ነበር።

«እትዬ፣ አባ ደወሉልኝ። ‹ቃሉን ተሳስተሻል› አሉኝ።»

በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። «የትኛውን ቃል?»

«የክዳኑን። ወረቀቶቹ ክረምቱን ሁሉ እሳቸው ጋ ነበሩ። ‹ይህ ያልሽው ቀዳዳ መድፈን ነው፤ አሮጌው ሣር ሳይነሣ ከላይ ጣል የሚደረገው። ሁሉ ወርዶ አዲስ ሲከደን እናቴ የምትለው ሌላ ነበር› አሉኝ። እኔ እኮ ከመንደር ከወጣሁ ቆይቻለሁ እትዬ፣ ረስቼው ነው። በእጃቸው አርመው ጽፈውታል።»

«ወረቀቱንስ እንዴት ሊያደርሱልሽ ነው?»

ከኋላዋ የስፌት ማሽኑ ይሰማኛል፤ ሲቆም ሰማሁት።

«የምሕረት ቦርሳ ውስጥ ነው» አለችኝ። «ቅዳሜ ይዛው ትመጣለች።»